ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የተከራየሁት ክፍል ገብቶ መበርበር ይችላል?

ተከራዩ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሕግ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ። እሁድ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ሁለት ፖሊሶች መጥተው የግቢውን በር አንኳኩ፣ አከራዬ ከፈቱላቸው። ቀጥታ ወደ እኔ ክፍል። ከሳምንት በፊት አንድ ቢሮ ላፕቶፕ ተሰርቆ አቤቱታ ቀርቧል፣ ተጠርጣሪው የአንተ ጓደኛ ነው፣ አንተ ጋ ሳያስቀምጥ አይቀርም አሉኝ። ማዘዣ አላችሁ ወይ ስላቸው አንዱ «አከራይህ ፈቅደውልናል፣ የምትደብቀው ከሌለ ምን አስፈራህ?» አለኝ። ፍራሽ ገለበጡ፣ ሻንጣ በረበሩ፣ የራሴን ላፕቶፕ ይዘው ሄዱ። የተሰጠኝ ወረቀት የለም፣ የፈረመ ሰው የለም። ስልክህን ክፈት ሲሉኝ ግን እንቢ አልኩ። አከራዬን አልወቅስም፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ደንግጠው ነው የከፈቱት። ግን ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው? ሥራዬ በሙሉ እዚያ ላፕቶፕ ላይ ነው።

ጠበቃ ነኝ፦
ወንድሜ፣ አይዞህ። ከላይ ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የማንም ሰው መኖሪያ ቤት፣ አካልና ንብረት በዘፈቀደ እንዳይፈተሽ ይጠብቃል። በእጁ ያለ ንብረትም እንዲሁ እንዳይወሰድ። ይሄን መብት መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ያለው በ1954 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፣ አንቀጽ 32 እና 33ን ፈልገህ አንብባቸው፣ አጫጭር ናቸው።

መነሻው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት አይበረበርም የሚል ነው። ከዚህ የሚወጡት ሁለት ሁኔታዎች ናቸው። አንደኛው ፖሊስ ወንጀል ፈጻሚውን እግር በእግር እያባረረ ሳለ ሰውየው ቤት ውስጥ ከገባ፣ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ከጣለ። ያንተ ጉዳይ ይሄ አይደለም፣ ሳምንት ካለፈው ስርቆት ምን ማባረር አለ?

ሁለተኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው፣ ምክንያቱም ፖሊስ «ጥቆማ ደርሶናል» ካለ በቃ አለቀ ብሎ ያስባል። አላለቀም። ስለ ወንጀሉ ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ መሆን አለበት። ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ማስረጃ የሚሆነው ዕቃ እዚያ ቦታ እንዳለ በቂ ጥርጣሬ መኖር አለበት። እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም ገና አንድ ይቀራል፦ ማዘዣ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ፖሊሱ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ወዳንተ ስንመጣ፣ አቤቱታ አለ፣ ስርቆትም በወንጀል ሕጉ እስከ 5 ዓመት ሊያስቀጣ ስለሚችል በቅጣቱ በኩል ክፍተት አታገኝም። የሚያከራክረው የመጨረሻው ነው። ጥቆማው መቼ ደረሳቸው? ዓርብ ደርሷቸው እሁድ ማታ ከመጡ ማዘዣ የሚያወጡበት ጊዜ ነበራቸው። እሁድ ማታ ደርሷቸው ከሆነ ግን ሊከራከሩህ ይችላሉ፣ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

የአከራይህ ፈቃድ የሚሉትን ተወው። ኪራይ ከፍለህ የምትኖርበት ክፍል ያንተ መኖሪያ ነው። ሕጉ ከዘረዘራቸው ሁለት ሁኔታዎች ውስጥ «አከራይ ሲፈቅድ» የሚል የለም።

ጡረታ የወጣሁ መርማሪ፦
ጠበቃው ያሉት ልክ ነው፣ ግን የፖሊሱንም ሥራ አስቡት። ሌባ ዕቃ ይዞ አያድርም። ማታ የደረሰህን ጥቆማ ለጠዋት ብታሳድረው ጠዋት ባዶ ቤት ነው የምትፈትሸው፣ ከዚያ ላፕቶፑ የተሰረቀበት ሰው ደግሞ ፖሊስ ምን ይሠራል ብሎ ይረግምሃል። ሕጉ ያቺን ቀዳዳ የተወውም ለዚህ ነው።

እኔን ያናደደኝ ሌላው ነው። ዝርዝር ሳይጻፍ ዕቃ ይወሰዳል እንዴ? እኛ ስንሠራ ከጎረቤት ወይም ከቀበሌ ታዛቢ ሳንይዝ አንገባም ነበር። ሕጉም የተያዘው ዕቃ እንዲዘረዘርና በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ነው የሚለው። ታዛቢ ፖሊሱንም ያድናል። አለዚያ ነገ «ብሬን ወሰዱ» ብትል ምን ብሎ ይከላከላል? ላፕቶፑስ የተሰረቀው ነው ወይስ ያንተ፣ መለያ ቁጥሩን እንኳ ሳያዩ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ሲጀመር በሩን ለምን ከፈታችሁ? እኛ እዚህ አሜሪካ የምንመክረው ዳኛ የፈረመበትን ወረቀት በበሩ ሥር አሳዩኝ በሉ፣ ካልሆነ አትክፈቱ ነው። የኢሚግሬሽን ሰዎች ራሳቸው የፈረሙበትን ወረቀት ይዘው ሲመጡም ያው ነው። አከራይም በተከራይ ቤት መፍቀድ አይችልም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961 እ.ኤ.አ. ወስኖበታል።

ጠበቃ ነኝ፦
@ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ፣ ለማለት የፈለግሽው ገብቶኛል፣ ግን ይሄን ምክር እዚህ ያለ ልጅ እንዳለ ቢወስደው ይጎዳል። በር ላይ ቆሞ መግፋትና መጎተት ከጀመረ ነገሩ ከብርበራ ወጥቶ ፖሊስን ሥራውን አደናቀፈ ወደሚል ክስ ይዞራል። ማዘዣ ይዘው ሲከለከሉም ሕጉ ተመጣጣኝ ኃይል ይፈቅድላቸዋል። ዝም ይበል ማለቴ ግን አይደለም፦ «አልፈቀድኩም» ብሎ በግልጽ መናገር፣ የሚያዩ ጎረቤቶችን መጥራት፣ ስማቸውን መጠየቅ። እጅ ግን አይነሳም።

ሰዓቱን ረስቼው ነበር። ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ማታ 3 ሰዓት ከዚህ ውጭ ነው። እግር በእግር ለሚደረግ ማባረር ይሄ ይሠራል ብዬ አልከራከርም፣ ያንተ ግን ማባረር አልነበረም።

ከባሕር ዳር፦
ሰው ግራ የሚጋባው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2009፣ በ2010፣ በ2014፣ ከዚያ ደግሞ እኛ ክልል በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ ጊዜ ያለ ማዘዣ ይፈተሻል። ቤት ሲንኳኳ ማዘዣ ልጠይቅ ብለህ አታስበውም፣ ልጆችህን ሰብስበህ ትጠብቃለህ። አዋጁ ሲያልቅ ግን ማንም በር አንኳኩቶ «ከዛሬ ጀምሮ ጠይቁ» አላለንም። ስለዚህ ወንድሜ ማዘዣ አላችሁ ወይ ብለህ መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው፣ ጎበዝ።

ተከራዩ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥቆማው መቼ እንደደረሳቸው አላውቅም። የላፕቶፑ የግዢ ደረሰኝ አለኝ። ጣቢያ ብሄድ ይይዙኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ስልኬንም መልሰው ቢጠይቁኝስ?

ጠበቃ ነኝ፦
ብቻህን አትሂድ፣ ሰው ይዘህ ሂድ፣ ብትችል ጠበቃ። ከመሄድህ በፊት የሆነውን ሁሉ ዛሬውኑ ጻፈው፦ ሰዓቱን፣ ምን እንዳሉህ፣ ምን እንደነኩ። አከራይህም ያዩትን ይንገሩህ፣ ምስክርህ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ለጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አመልክት፣ ደረሰኙን ኮፒ አያይዝ፣ ዋናውን አትስጥ። ማመልከቻህ ቅጂ ላይ ተቀብለናል ብለው እንዲፈርሙልህ ጠይቅ። አንቀበልም ካሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ትሄዳለህ፣ የፖሊስን ምርመራ የሚከታተለው እሱ ነው። ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማመልከት ትችላለህ።

ስልኩን በተመለከተ ያው አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጡ በል፣ በትሕትና። እንያዝህ ካሉ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡህ ግድ ነው፣ መንገዱ ሳይቆጠር። የላፕቶፑን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ካገኘኸው ማመልከቻው ላይ ጻፈው፣ ብዙ ክርክር ያሳጥርልሃል።