ተማሪዎቼን ወደ ዐውደ ርዕይ ውይይት ልውሰዳቸው ወይስ ይቅር?

የኮዬዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ 7ኛና 8ኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ባለፈው ወር መሃል ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ስለ ሥራዎቹ የፓናል ውይይት እንዳለ ሰማሁ። ማስታወቂያው “ለሁሉም ክፍት ነው” ይላል። 11 ተማሪዎች ይዤ ሄድኩ። ወላጆችን አስፈረምኩ፣ የታክሲውን ግማሽ ራሴ ቻልኩ። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን አጥበው፣ ተኩሰው መጡ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው።

10 ሰዓት የተባለው 10 ከ40 ተጀመረ። አራት ሰዎች መድረክ ላይ ተቀመጡ። ሲጀምሩ በአማርኛ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ወደ እንግሊዝኛ ገቡ፤ ከዚያ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያሉ ቀጠሉ። ለእኔ ራሱ ግማሹ አልገባኝም። ልጆቹ ግን እጃቸውን አጣምረው ጸጥ ብለው ሰሙ። ጸጥታቸው አንጀቴን በላው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከሥራዎቹ አንዱ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ፣ ከቲማቲም ድልህ ጣሳ የተሠራ ነበር። ጣሳዎቹ ተቀደው፣ ተዘርግተው፣ በቀጭን ሽቦ እርስ በርስ ተሰፍተዋል። ጫፍ ጫፋቸው ዝጓል። ቀረብ ብሎ ላየው አንዳንዱ ላይ የወረቀቱ ቅሪት አለ፤ ግማሽ ቀይ ቲማቲም፣ ግማሽ ዝገት። አንዲት ተማሪዬ እሱ ፊት ቆማ ንቅንቅ አልል አለች። አባቷ ቆራሌው ነው። ጠዋት ጠዋት በየብሎኩ እየዞረ “ቆራሌው!” ሲል ድምፁን እናውቀዋለን። እሷም ጣሳ በኪሎ ስንት እንደሚገባ፣ የዛገው ከደህናው እንዴት እንደሚለይ ታውቃለች።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጇን አወጣች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው። “እነዚህን ጣሳዎች የሰበሰባቸው ማነው? ሁሉም ስንት ኪሎ ይሆናሉ?” አለች። አዳራሹ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የልጅ ነገር ነው ብለው ነው። አወያዩ “በጣም ደስ የሚል ጥያቄ” አለና ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፈ። ሠዓሊው እዚያው ተቀምጧል። ማንም አልመለሰላትም።

ስንወጣ 12 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የታክሲ ሰልፉ አይጣል ነው። ኮዬ ስንገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ወላጆች መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ልጅቷ በመንገዱ ሁሉ ዝም ብላ ቆይታ ልንወርድ ስንል አንድ ነገር ጠየቀችኝ። “ቲቸር፣ ጥያቄዬ ስህተት ነበር እንዴ?”

በሚቀጥለው ወር ሌላ ዐውደ ርዕይ አለ። ልውሰዳቸው? ከወሰድኳቸውስ እንዴት ላዘጋጃቸው?

ከለቡ፣ ሠዓሊ

መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ለልጅቷ ይህን ይንገሩልኝ። ጥያቄዋ ስህተት አልነበረም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሥራውን በደንብ ያየችው እሷ ናት።

እኔ የተማርኩት አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ኤልያስ ስሜም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የጨረሰው። ዛሬ ሥራዎቹ በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ። ከምን ይሠራቸዋል? ከአሮጌ ኮምፒውተርና ስልክ ሆድ ዕቃ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቀደም ሲል ደግሞ ከልብስ ቁልፍና ከጠርሙስ ክዳን። ብዙውን ዕቃ ያገኘው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ስለዚህ “ማን ሰበሰበው?” የሚለው ጥያቄ የሥራው መግቢያ በር ነው። የተማሪዎ አባት የሚሰበስበውም ዞሮ ዞሮ እንደነዚያ ያሉ ተራዎች ይደርሳል። ልጅቷ ከሠዓሊው በፊት የነበረውን እጅ ነው የጠየቀችው።

እንግዲህ እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎት። በመጀመሪያው ቀን ውይይት አላስገባቸውም። ሰው በሌለበት ጠዋት ወስጄ ሥራዎቹን ብቻ አሳያቸዋለሁ። አንድ ሥራ ይምረጡና ፊቱ 10 ደቂቃ ይቁሙ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያንብቡት። ጽሑፉን ያስቀደመ ልጅ ሥራውን በራሱ ዓይን አያይም።

ሌላው፣ በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ የአለ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ዐውደ ርዕይ ያሳያሉ። ተመራቂው ራሱ ከሥራው አጠገብ ቆሞ ስለሚያገኙት መድረክም ማይክም አያስፈልግም። ለልጅ ከዚያ የተሻለ ውይይት አላውቅም። ጊዜ ካላችሁ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየምም አሳዩአቸው። ኤልያስ ስሜና የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው ያቋቋሙት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ልጆቹ የአያቶቻቸው ቤት በምን እንደተሠራ ያስታውሳሉ።

የቀድሞ አዘጋጅ

እህቴ፣ ያነበብኩት ነገር አሳፍሮኛል። እዚያ ቦታ አልነበርኩም፤ ግን እንዲህ ያሉ ውይይቶችን ለዓመታት አዘጋጅቻለሁ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው እያልኩ ያለፍኳቸው ልጆች እኔም ጋ ነበሩ።

ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ ላስረዳሽ። ተናጋሪው 10 ደቂቃ ተሰጥቶት 25 ይወስዳል። አራት ሲሆኑ አስቢው። ለሕዝቡ ጥያቄ ይተርፋል የተባለው ሰዓት ያልቃል፤ አወያዩ ይደነግጣል፤ መጀመሪያ የሚያልፈው የማያውቀውን ሰው ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ከውጭ አንድ እንግዳ ካለ ለእሱ ሲባል ይገባል። እንግዳው በሌለበት ቀንም አይወጣም፤ ቃላቱን የተማርናቸው በዚያ ቋንቋ ነዋ።

አማርኛ ለዚህ ነገር አይበቃም የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ይህን ፈጽሞ አልቀበልም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ፣ ጀርመን ድረስ ሄዶ ተምሮ የመጣ የአብስትራክት (ረቂቅ ሥዕል) ሠዓሊ ነው። ግጥሙን የጻፈው ግን በአማርኛ ነው። ብሩሹንም ብዕሩንም የያዘው ያው አንድ እጅ ነው። በስሙ የተሰየመው የ6 ኪሎው ሙዚየም እነ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱን አሳይቷል፤ የእሷ በ2016 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህን ያህል ሥራ ያየ ከተማ ስላየው ነገር በራሱ ቋንቋ ማውራት አለበት።

አይቅርብሽ፣ ውሰጃቸው። ሥዕሉ ወር ቆይቶ ይወርዳል። እኛ አገር ስለ አንድ ዐውደ ርዕይ የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የዚያ ቀን ንግግር ቅጂ ብቻ ነው። የልጆቹ ድምፅ እዚያ ቅጂ ውስጥ ይግባ።

ግን ሳምንት ቀድመሽ ደውይ። “11 ልጆች ይዤ እመጣለሁ፣ በአማርኛ ነው ወይ?” በይ። ቀድሞ የተነገረው አወያይ ይዘጋጃል። ከተቻለ ሠዓሊው ከውይይቱ በፊት ልጆቹን 20 ደቂቃ ሥራዎቹ መሃል ይዞ እንዲዞር ጠይቂ። ብዙ ሠዓሊ እሺ ይላል፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፈው ለአወያዩ ቀድመው ይስጡ። ልጅቷ ደግሞ መልስ ካላገኘች “አልተመለሰልኝም” ብላ ድጋሚ ማይኩን መጠየቅ እንደምትችል ንገሪያት። ነውር አይደለም።

የብሎክ ጎረቤት

ቲቸር፣ የእኔም ልጅ ከ11ዱ አንዷ ነበረች። ማታ ፌርማታው ላይ ቆሜ ስጠብቅ ተናድጄብሽ ነበር፤ ዛሬ ይህን ሳነብ ተጸጸትኩ። ሚኒባስ አለኝ። የነዳጁን ካወጣችሁ ወስጄ እመልሳችኋለሁ። ሰልፍ የለም። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።

የኮዬዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ጎረቤቴ፣ ቀኑን እንደቆረጥን እደውልልሃለሁ።

ትናንት በዕረፍት ሰዓት ልጅቷን ጠርቼ ሠዓሊው የጻፉትን አነበብኩላት። ሁለቴ አስነበበችኝ። ማታ የጣሳውን ሥራ ፎቶ በስልኬ ለአባቷ ላኩለት። ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ጆንያውን ተሸክሞ ት/ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ፎቶውን በጣቱ እያሰፋ አሳየኝ። ወደ 50 ኪሎ ይሆናል አለ። ትልልቆቹ ጣሳዎች ከሆቴል የወጡ ናቸው፤ ትንንሾቹ ከሰው ቤት። ወረቀታቸው ያልተላጠው ደግሞ ዝናብ ሳይነካቸው ቶሎ የተነሱት ናቸው። ይህን ሁሉ ከፎቶ ነው ያነበበው።

ከዚያ “ሠዓሊው ከማን እንደገዛ ብቻ ጠይቁልኝ፣ ምናልባት አውቀው ይሆናል” አለኝ። ለአወያዩ በምንሰጠው ወረቀት ላይ መጀመሪያ የጻፍነው ይህንን ነው።