ካልጋሪ (ካናዳ) ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ለምትከራዩ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ውሃ ጠይቁ

"ርካሽ ቤዝመንት አገኘሁ፣ ልፈርም ነው" ላልከው ወንድማችን፦ እንኳን ደስ ያለህ። ግን "ወንዙ ሩቅ ነው" ብለህ አትዘናጋ።

አገር ቤት ጎርፍ የክረምት ነገር ነው። እዚህ የሚያሰጋው ከሜይ 15 እስከ ጁላይ 15 ነው፤ የሮኪ ተራሮች በረዶ የሚቀልጠው ያኔ ነዋ። የካልጋሪ ወንዞች ቦው እና ኤልቦው ሞልተው እያሉ ተራራው ላይ ዶፍ ከወረደ አለቀ። ዝናቡ የቀረውን በረዶ ያቀልጠዋል፣ የጠገበው መሬት ደግሞ ውሃ አይመጥም። ሰፈርህ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የድሬዳዋ ልጆች ይሄ ይገባቸዋል፤ በ1998 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ከተማዋን የመታው ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ነው።

በጁን 2013 እንዲህ ሆነና ካልጋሪ ባለችበት በደቡብ አልበርታ ወደ 100 ሺህ ሰው ቤቱን ለቀቀ። ሃይ ሪቨር ከተማ ባዶዋን ቀረች። የካልጋሪ የሆኪ አዳራሽ ሳድልዶምን የተመልካቹ ወንበር ሳይቀር ውሃ ዋጠው። የካልጋሪ የእንስሳት ማቆያ ጉማሬዎችማ ሊያመልጡ ለጥቂት ነው የተያዙት!

ያኔ ሰውን ይበልጥ ያቃጠለው ኢንሹራንሱ ነው። ከደጅ ፈስሶ ለሚገባ ጎርፍ የሚሆን ሽፋን ለመኖሪያ ቤት አይሸጥም ነበር። የመጣው ከ2015 ወዲህ ነው፣ አሁንም ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛ ነው። የአከራይህ ኢንሹራንስ ያንተን ዕቃ አይመለከትም። የተከራይ ኢንሹራንስ ስትገዛ "ኦቨርላንድ ዋተር" (ከደጅ የሚገባ ጎርፍ) እና "ሱወር ባክአፕ" (ከፍሳሽ ቱቦ ተመልሶ የሚወጣ) አለበት ወይ ብለህ ሁለቱንም በስማቸው ጠይቅ።

ቤቱን ስታይ ልብስ ማጠቢያው አካባቢ ወለሉ ላይ ፍርግርግ አለች። የከተማው የፍሳሽ ቱቦ ሲጨናነቅ ቆሻሻው ተመልሶ የሚወጣው በእሷ ነው፣ ወንዝ ይቅረብ ይራቅ። መመለሱን የሚያግድ ቫልቭ ተገጥሞ እንደሆነ አከራዩን ጠይቅ። ውሃ የሚስብ ፓምፕ ካለም ባትሪ አለው? መብራት የሚጠፋው ያው ዶፍ በሚጥልበት ሌሊት ነው። የማሞቂያው እግር ዝጎ ከሆነ ወይ የግድግዳው ግርጌ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ "እዚህ ውሃ ገብቶ ያውቃል?" በለው፤ መልሱን በቴክስት ይላክልህ።

ፓስፖርትና የፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) ወረቀት ደግሞ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም፣ በናትህ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አድርገው።