ዘጌ ደን፦ እውነት በሬ አይጠመድበትም?

መንገደኛው፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ ባሕር ዳር ስመጣ አንድ ሙሉ ቀን ትርፍ አለኝ። በጣና ሀይቅ ዳር ያለችውን ዘጌን ማየት እፈልጋለሁ። ስለ ገዳማቱ ብዙ ተወርቷል፤ እኔን የሳበኝ ግን ደኑ ነው። በጣና ዙሪያ ያለው አገር ከሞላ ጎደል ታርሷል። ዘጌ ላይ ግን ዛፉ እስከ ውኃው ጫፍ ድረስ ይወርዳል። እንዴት ተረፈ?

ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ነው የሚባለው እውነት ነው? ከሆነስ ሰው ምን ይበላል? ደኑ ከጥንት የነበረ ነው ወይስ ሰው የተከለው? አካባቢውን የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የኡራ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እዚያው ዘጌ፣ ኡራ ነው ተወልጄ ያደግኩት። አሁን ባሕር ዳር እኖራለሁ፤ አባትና እናቴ ግን እዚያው ናቸው። ስለዚህ ከቤት እንደማውቀው ልንገርህ።

አዎ፣ እውነት ነው። በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም። ሥርዓቱን የሠሩልን አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ብለው ነው አባቶች ያስተማሩን። በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል። ሕዝቡም መሬቱን ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ታዘዘ። ይህን እኛ ቤት እንደ ተረት አይደለም የሚወራው። አያቴ ማረሻ የነካው መሬት በረከቱ ይሄዳል ብላ ነው የኖረችው። የተጻፈ ሕግ ስንት ቦታ እንደተጣሰ ሳይ፣ የአያቴን ቃል የበለጠ አከብረዋለሁ።

ደኑ ከጥንት የነበረ ነው፤ ግን ሰው ሳይነካው የቆየ አይደለም። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ዶቅማውና ሾላው አሉ። ከሥራቸው ቡናና ጌሾ አለ። ሎሚውም እዚያው መሀል ነው። ቤቶቻችን ደግሞ በዚሁ ሁሉ መካከል ተበታትነው ነው ያሉት። ለእንግዳ ዱር ይመስላል። ለእኛ ግን እያንዳንዱ ቦታ ባለቤት አለው። ድንበሩ የት እንደሆነ ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቁን ዛፍ አቆየነው። ዛፉ የቆመው ቡናው ስላለ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። በየዓመቱ ከቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል። ካልተመነጠረ ለቀማው ያስቸግራል። ችግሩ የዋንዛውና የዶቅማው ቡቃያም አብሮ መታጨዱ ነው። አባቴ ማጭዱን ከማንሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል። ቡቃያ ካገኘ አጠገቡ ረዘም ያለ እንጨት ይሰካል። ያ እንጨት ያለበትን ማንም አይነካም። አንዳንዱን ለሁለትና ለሦስት ዓመት እንዲህ ሲጠብቀው አይቻለሁ። ይህን የማያደርግ ግን ብዙ ነው። እዚያ ትልቁ ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖረውም። ጥላው ይከፈታል፣ ቡናውም ይጠወልጋል። ደኑ አንድ ቀን ካለቀ የሚያልቀው በመጥረቢያ ብቻ አይሆንም። ያልበቀሉት ዛፎችም ይጨርሱታል።

ምን እንበላለን ላልከው፦ እህል እንገዛለን። ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሸጠን ጤፍና በቆሎ ከገበያ እናመጣለን። ገበያው አፋፍ ነው፣ በየብስ ስትመጣ የምታገኛት ከተማ። ቡናው ያልያዘ ዓመት ወይም ዋጋው የወደቀ ዓመት ግን ጤፉ አይጠብቅም። ያኔ ማገዶ ይሸጣል። ማለዳ በሀይቁ ዳር ብትቆም ደንገል ታንኳ እንጨት ተጭኖ፣ ጫፉ ብቻ ከውኃ በላይ ሆኖ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዘፍ ታያለህ። በቀዛፊው አልፈርድም። ቤቱ ልጅ አለበት። ግን ያ እንጨት ከየት እንደመጣ አውቃለሁና ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ለዚህ ነው ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር የምለው። ገዳሙን ተሳልመህ፣ ፎቶ አንስተህ ብቻ አትመለስ። ቡና ግዛ። ከሱቅ ሳይሆን ከሰው ደጃፍ። ቡናው ዋጋ ካወጣ ዛፉ ይቆማል።

ከደብረ ታቦር፦
እህታችን ያለችው ልክ ነው። እኔ በደን ሙያ ነው የተመረቅኩት። በእኛ በኩል በደቡብ ጎንደር ያለው ደን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው የተረፈው። ከላይ ስታየው በታረሰ መሬት መሀል ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። እኛ ዘንድ ጠላቱ ከብት ነው። ገብቶ ቡቃያውን ይበላል፣ መሬቱን ይረግጣል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ስለነዚህ ደኖች ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻ መሬት ላይ ድንጋይ እየለቀሙ ደኑን በካብ እንዲያጥሩ በተደረገው ሥራም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከብቱ ሲከለከል ዛፉ ራሱ መብቀል ይጀምራል።

ዘጌ ካብ አላስፈለገውም፤ ከብት የለማ! እዚያ ያለው ፈተና ምንጣሮው ነው። የአባትሽ ዘዴ ምንም ወጪ የለውም። ሰባኪዎቹና የግብርና ባለሙያዎቹ ሁለቱም አንድ ላይ ቢናገሩት ብዙ ሰው ይይዘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጣና ዳር፦
ስለ ታሪኩ ትንሽ ልጨምር። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. ከነሠራዊታቸው ዘጌ ሰፍረው ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳምም እዚያ መጥቶ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው አለቀ፣ ከዚያም ለቀው ሄዱ። ያን ያህል ሠራዊት ለማገዶ ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ አስቡት። ደኑ ከዚያም በኋላ ተነሥቷል። የጣና አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ) ሆኖ የተመዘገበው ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዘጌም በውስጡ ነው።

መንገዱ፦ በጀልባ ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በየብስ በአፋፍ በኩል ይገባል። ከመነሳትህ በፊት ግን ስለ መንገዱ ሁኔታ የአካባቢ ሰው ጠይቅ። ባለቤትህን ይዘህ የምትመጣ ከሆነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም አዝዋ ማርያምም ሴት ትገባለች። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን አትገባም፣ እንዳትቸገሩ።

መንገደኛው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ከደጃፍ ግዛ ያልሽውን አደርጋለሁ። ግን እኔ ቡና የማውቀው ተቆልቶ ነው። ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ልለይ? መቼስ ልምጣ? ደግሞ ከገዳሙ ሌላ ምን ልይ?

የኡራ ልጅ፦
ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብትመጣ ለቀማውን ታያለህ። የሚሸጡልህ ጀንፈል ከሆነ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ከሆነ፣ አንድ እፍኝ ያዝና ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው። በደንብ የደረቀ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። ድምፅ ከሌለው እርጥበት አለው፤ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ቀጥለህ አሽትተው። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ይይዛል፣ ሲቆላም አይለቅም። እናቴ ሰሌን ላይ ነው የምታሰጣው። ጤዛ እንዳይነካው ማታ ማታ ትሸፍነዋለች። ቀለሙንም እይ። ቀይ ሆኖ የተለቀመ ሲደርቅ ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። ሳይበስል በአረንጓዴው የተለቀመ ግን ገርጥቶ ይቀራል። ሰው ሳይበስል የሚለቅመው ወድዶ አይደለም፤ ጦጣውና ሌባው ስለሚቀድሙት ነው። የተመረጠ ቀይ ካገኘህ ግን ጨምረህ ክፈል፣ ይገባዋል።

ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ቸኩለህ አትውጣ፣ መቅደሱን ዙሪያውን ዙረህ እይ። ከዚያ ወደ ወደቡ ከመመለስ ይልቅ በቡናው መሀል ወደ ላይ ውጣ። የመንደሩን ልጅ መሪ አድርገህ ያዝ፤ አንተን መምራቱ ለእሱ የቀን ገቢ ነው። ከላይ ትልቅ ምንቃር ያላቸው፣ ከምንቃራቸው በላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከሙ ጥቁርና ነጭ ወፎች ታያለህ። ክንፋቸው ሲመታ ከሩቅ ይሰማል። የሾላ ፍሬ ሲበስል አይታጡም። ልጁን የዛፎቹን ስም ጠይቀው። ብርብራን ካሳየህ ፍሬውን ወቅጠው ዓሣ ለማደንዘዝ እንደሚጠቀሙበት ይነግርሃል።

በመንገድ ላይ የተሰካ እንጨት ብታይ አትንቀለው፣ ከአጠገቡ ቡቃያ አለ። ጫማህ የተሸፈነ ይሁን፤ መንገዱ ድንጋይና ሥር ነው፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ያንሸራትታል። ዝርዝር ብርም ያዝ።