የንብረት ታክስና የጁገል ነባር ቤቶች፦ ለክልሉ ምክር ቤት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባችን በተስማማነው መሠረት ለሐረሪ ክልል ምክር ቤት የሚቀርበውን ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ለውይይት አቅርቤአለሁ። እንደምታውቁት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ታክሱን የሚጥለው በከተማ መሬት የመጠቀም መብትና በመሬቱ ላይ በተሠራው ቤት ላይ ነው። የጣራና ግድግዳ ግብር እያልን ስንከፍለው ከኖርነውና መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ከሆነው ግብር የሚለየው የቤቱን የአሁኑን ዋጋ ለማስላት መነሣቱ ነው። አፈጻጸሙ ክልሎች በሚያወጡት ሕግ የሚወሰን ስለሆነ፣ ሐሳባችን መሰማት ያለበት ዝርዝሩ ተጽፎ ሳያልቅ ነው።

ረቂቄ አጭር ነው። ሐረር ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ በግንቡ ውስጥ ባለው 48 ሄክታር ላይ የሚገኙ ቤቶች ሁሉ ከንብረት ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ምክንያቴም አንድ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ ያለ ፈቃድም እንዳይጠግን ይከለክለዋል። ቤቱን እንደ ልቡ አፍርሶ ባለ ፎቅ መሥራት የማይፈቀድለት ሰው፣ ከግንቡ ውጭ እንደ ልቡ ከሚሠራው ሰው እኩል መክፈሉ ፍትሐዊ አይመስለኝም። እባካችሁ ያላችሁን አስተያየት በዝርዝር ጻፉ።

በኤረር በር አካባቢ የሚኖሩ አባል፦

ጸሐፊያችን ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን "ሁሉም ነፃ ይሁኑ" የሚለውን ለመደገፍ እቸገራለሁ። በግንቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ነባር ቤት አይደለም። በብሎኬት የተሠራ ሱቅም አለ፣ ነደባው፣ ማለትም በሐረር ባህላዊ ቤት ውስጥ ያለው ከፍ ያለ የመቀመጫ መደብ፣ ፈርሶ መጋዘን የሆነ ቤትም አለ። እነዚህንና አምስቱን ነደባ ከነቀይ ቀለሙ ጠብቆ የኖረውን ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጠቀለልናቸው፣ ቅርስ ያፈረሰውና ቅርስ የጠበቀው እኩል ይሸለማሉ።

የራሴን ቤት ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አካባቢያችንን "ለማስዋብ" በሚል ከመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳችንን በሲሚንቶ ለሰነው። በጊዜው ደስ ብሎን ነበር፤ በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ኖራ ከመቀባት ተገላገልን ብለን። ባለፈው ክረምት ግድግዳው ሆድ አወጣ። ግንበኛው መጥቶ ልስኑን በመዶሻ ሲነቅለው፣ ከሲሚንቶው ጀርባ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ሆኖ በእጁ ላይ መጣ። ድንጋዩና ጭቃው በኖራ ሲለሰን ርጥበቱን ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ያንን አንድ ግድግዳ በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ መልሶ ለመሥራት ያወጣሁት ገንዘብ በዕድሜዬ ከከፈልኩት የጣራና ግድግዳ ግብር ሁሉ ይበልጣል። የምጠይቀው ነፃ መሆንን አይደለም፤ ያ ወጪ ለከተማው የተከፈለ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ ነው።

በሒሳብና በቤት ግምት ሥራ ላይ የቆዩ አባል፦

ከዚህ በላይ ከተነገረው ጋር የሚያያዝ፣ እስካሁን ያልተነሣ አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። ቤት ሲገመት በተለምዶ ከሁለቱ በአንዱ መንገድ ነው፤ ወይ በገበያ ዋጋው፣ ወይ ያንኑ ቤት ዛሬ እንደገና ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ። ሁለቱም ለነባር ቤት አያመቹም።

መልሶ በመገንባት ዋጋ ይገመት ቢባል፣ ከግማሽ ሜትር በላይ የወፈረውን የድንጋይ ግድግዳ፣ የጣሪያውን አግዳሚ እንጨት፣ በግድግዳው ውስጥ ተፈልፍለው የተሠሩትን መደርደሪያዎች፣ በእጅ የተቀረጸውን በር አስቡት። እንጨቱ ውድ ሆኗል፤ ሙያውን የሚያውቁት ግንበኞችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የአያቶቻችን ቤት ከጎኑ ካለው የብሎኬት ቤት እጅግ የበለጠ ዋጋ ይወጣለታል፤ ታክሱም በዚያው ልክ ያድጋል። ቤቱን በአግባቡ የያዘው ሰው ይበልጥ ይከፍላል፤ ነደባውን አፍርሶ በብሎኬት የተካው ይቀልለታል። በገበያ ዋጋ ይገመት ቢባል ደግሞ፣ ገዥ የሚሰጠው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ለቦታው ነው፤ ቦታው ላይ ግን ሌላ ነገር መሥራት አይፈቀድም። ሊሠራበት ለማይችል ዕድል ታክስ ይከፈላል ማለት ነው።

ስለዚህ የጥያቄያችን ልብ "ስንት እንክፈል" ሳይሆን "በምን ይገመት" የሚለው ቢሆን እመክራለሁ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት አሁን በሚሰጠው አገልግሎት፣ ማለትም መኖሪያ ከሆነ ቢከራይ በሚያስገኘው ኪራይ መሠረት፣ የግዴታ ጥገናው ዓመታዊ ወጪ ተቀንሶለት ይገመት። ይህ ምሕረት መለመን አይደለም፤ የንብረቱን እውነተኛ ዋጋ መናገር ነው።

በካሊፎርኒያ የሚኖሩ አባል፦

ከሩቅ ሆኜም ቢሆን ውይይቱን በጥሞና እየተከታተልኩ ነው። ወንድማችን ስለ ግምት ያሉት እኔ በምኖርበት ግዛት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ሚልስ አክት የሚባል ሕግ አለ። የታሪካዊ ቤት ባለቤት ከከተማው አስተዳደር ጋር ውል ይገባል፤ ውሉ ቢያንስ ለ10 ዓመት ሲሆን ካልተቋረጠ በየዓመቱ እየታደሰ ይሄዳል። ባለቤቱ በውሉ ላይ የተዘረዘረውን ጥገና ይፈጽማል፤ ቤቱም በጎረቤት የሽያጭ ዋጋ ሳይሆን ሊያስገኝ በሚችለው ኪራይ ስሌት ይገመታል። ከተማው በየጊዜው እየመጣ ይመረምራል። ቤቱ ቢሸጥ ውሉ ለገዢው ይተላለፋል፤ ባለቤቱ ውሉን ቢያፈርስ ቅጣት አለበት።

በእርግጥ የእኛ አገር ሁኔታ የተለየ ነው። እዚያ መሬት ይሸጣል፤ በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሆኖም ውል የሚለው ሐሳብ የሚጠቅመን ይመስለኛል። መንግሥት ገቢውን ያለ ምላሽ አይለቅም፤ ባለቤቱም ያለ ምላሽ አይጠግንም። ሁለቱም በወረቀት ላይ ቢፈርሙ ማን ምን እንዳደረገ ይታወቃል።

በፈላና በር አካባቢ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆኑ አባል፦

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ባለቤቶች ነው። እኔ የምኖርበት ቤት ግን ባለቤት የለውም ማለት ይቻላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። ቤታችን ነደባ ያለው፣ አዲስ ሙሽራ ይኖርበት የነበረው ትንሽ ክፍል እንኳ ያልፈረሰበት ነባር ቤት ነው። ዛሬ ግን በመጋረጃና በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ ሦስት ቤተሰብ ይኖርበታል። የምንከፍለው ኪራይ በጣም ትንሽ ስለሆነ በዚያ ገንዘብ አንድ ኬሻ ኖራ መግዛት አይቻልም። ጣሪያው ሲያፈስ ለቀበሌ እናመለክታለን፤ በጀት የለም እንባላለን። በራሳችን እንዳንጠግን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ብንጠግንም ነገ የእኛ አይደለም።

ይህንን የማነሣው ለማማረር አይደለም። የጁገል ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ የአንዱ ግድግዳ የጎረቤቱም ግድግዳ ነው። የቀበሌው ቤት ከተደረመሰ የባለቤቱ ቤት ብቻውን አይቆምም። ስለዚህ ሁላችሁም ከታክስ ነፃ ከሆናችሁ፣ የእኛን ቤት የሚጠግነው ገንዘብ ከየት ይመጣል? እኔ የምለው፣ ከጁገል የሚሰበሰበው የንብረት ታክስ በልዩ ሒሳብ ተቀምጦ በጁገል ውስጥ ለሚደረግ ጥገና ብቻ ይዋል፤ ከእርሱም ውስጥ ለቀበሌ ቤቶች የተወሰነ ድርሻ በሕግ ይቀመጥ። አዋጅ 209/1992 ራሱ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን እንዲሸፍን መንገድ ይከፍታል። የቀበሌ ቤት ባለቤት ደግሞ መንግሥት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እኅታችን ያነሡት ነጥብ ረቂቄን ከሥሩ እንድለውጥ አድርጎኛል። ሁሉም ነፃ ይሁን ስል፣ ለጋራ ጥገና ሊውል የሚችለውን ብቸኛ ቋሚ ገቢ እየዘጋሁ እንደነበር አላስተዋልኩም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ታሪካዊ ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት የመንግሥት መሆኑ ስለተደነገገ፣ ልዩ ሒሳቡን ስንጠይቅ በዚህ አንቀጽ ላይ ብንቆም እንጠነክራለን።

በሰንጋ በር አካባቢ የሚኖሩ እናት (በልጃቸው ተጽፎ)፦

እናቴ እንዲህ በይልኝ ብላኛለች። "ቤቱ የአባቴ ነው። ወንድሞቼ ውጭ አገር ናቸው፤ ቤቱ የሁላችን ነው፤ የምኖርበት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጡረታ የለኝም። በወረቀት ላይ ብዙ ብር ያወጣል የሚባለው ቤት ለእኔ እንጀራ አይገዛልኝም። ክፈይ ብትሉኝ ግማሹን ሸጬ እከፍላለሁ፤ ግማሹ የተሸጠ ቤት ደግሞ ቤት አይደለም።" እናቴ የምትጠይቀው፣ ገቢ የሌለው አረጋዊ በሚኖርበት ቤት ላይ የሚጣለው ታክስ ቤቱ እስኪሸጥ ወይም በውርስ እስኪተላለፍ ድረስ ያለ ወለድና ያለ ቅጣት እንዲቆይ ነው።

በሸዋ በር አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አባል፦

በእናታችን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ ነባር ቤቴን ለእንግዶች አከራያለሁ፤ ገቢም አገኛለሁ፤ ስለዚህ ከእርሳቸው እኩል እፎይታ ልጠይቅ አልችልም። የገቢ ግብሬን ለይቼ እከፍላለሁ፤ በንብረት ታክሱም ላይ ለሠራሁት ጥገና ብቻ ቅናሽ ቢደረግልኝ ይበቃኛል። አንድ ነገር ግን አስጠነቅቃለሁ። ቅናሹ በደረሰኝ ብቻ ከሆነ፣ የሲሚንቶ ነጋዴ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ኖራ አቡክቶ በእጁ የሚለስነው ግንበኛ ግን ደረሰኝ የለውም። ለሲሚንቶ የተሰጠ ቅናሽ ቅርሱን ያጠፋዋል። ስለዚህ ማስረጃው ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍና የቅርስ ባለሙያ ፊርማ ቢሆን ይሻላል።

በቤት ግምት ሥራ ላይ የቆዩት አባል፦

ትክክል ነው። ስለ ቆርቆሮም አንድ ቃል ልጨምር። የአፈር ጣሪያው እያፈሰሰ አስቸግሮት፣ እንጨትም አጥቶ በቆርቆሮ የከደነ ሰው ብዙ ነው። ግድግዳውና ነደባው እስካለ ድረስ ቤቱ ከነባር ቤት መዝገብ አይውጣ። ሰው ከዝናብ መሸሸጉ ሊያስቀጣው አይገባም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እስካሁን በተስማማንበት መሠረት ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክዬዋለሁ።

"በጁገል ውስጥ በነባር ቤትነት የተመዘገበ ቤት፣ ጣሪያው በቆርቆሮ ቢከደንም፣ የሚገመተው አሁን በሚሰጠው አገልግሎት ሊያስገኝ በሚችለው ኪራይ ሲሆን፣ ሕጉ የሚያስገድደው የጥገና ወጪ ይቀነስለታል። ባለቤቱ ከክልሉ ጋር የ10 ዓመት የጥገና ውል የመግባት መብት ይኖረዋል፤ በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ የተደረገና በባለሙያ የተረጋገጠ ጥገና ከሚከፈለው ታክስ ላይ ይታሰብለታል። ገቢ የሌለው አረጋዊ በሚኖርበት ቤት ላይ የተጣለ ታክስ ቤቱ እስኪተላለፍ ድረስ ያለ ወለድና ያለ ቅጣት ይቆያል። ከጁገል የሚሰበሰበው የንብረት ታክስ በልዩ ሒሳብ ተይዞ ለጁገል ጥገና ብቻ ይውላል፤ ከዚህም ውስጥ ለቀበሌ ቤቶች የሚውለው ድርሻ በሕጉ ይወሰናል።"

በኤረር በር አካባቢ የሚኖሩ አባል፦

"የመግባት መብት ይኖረዋል" የሚለው ላይ "ክልሉም ውሉን ያለ በቂ ምክንያት አይከለክልም" ተብሎ ይጨመር። መብት ተብሎ ተጽፎ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀር ነገር አይተናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ተጨምሯል። የቀረው፣ ሐሳባችንን በምሳሌ ለማስረዳት የሚለኩና ፎቶግራፍ የሚነሡ ቤቶችን መምረጥ ነው። አንድ የግል መኖሪያ፣ አንድ የቀበሌ ቤትና አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቢሆኑ በሦስቱም ላይ ግምቱ በተለያየ መንገድ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚለያይ ማሳየት እንችላለን። እናታችን ቤታቸውን ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን፤ የፊታችን ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ ከእርሳቸው ቤት እንጀምራለን። ሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የቆየ የግብር ደረሰኝ ያላችሁም ቅጂውን አትርሱ።