እናቴ ከጡት ኦፕሬሽን በኋላ እጇ አብጦ አልጎድል አለ፣ የሊምፍ ማሳጅ የምታውቁ በናታችሁ

የአራት_ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከ2 ዓመት በፊት ቀኝ ጡቷን ኦፕሬሽን ሆናለች፣ ብብቷ ውስጥ ያለውን ንፍፊትም አብረው አውጥተውላታል ከዛ ጨረር ወስዳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ክትትል ላይ ናት። ከጥምቀት በኋላ ግን ቀኝ እጇ ማበጥ ጀመረ፣ መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር ጠዋት ስትነሳ ይጎድላል፣ አሁን ጠዋትም እንዳለ ነው፣ የቀሚሷ እጅጌ አልገባ ብሏት ልብስ ሰፊ ጋር ወስደን አስፈታነው። ብዙም አያማትም ግን "ጄሪካን የተንጠለጠለብኝ ነው የሚመስለኝ" ትላለች። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፣ እጇን እንኳን በደንብ ሳይነኩ የሚያሸና ኪኒን ሰጥተው ላኩን፣ ሽንት ቤት ስትመላለስ ከረመች እንጂ እጇ ምንም አልሆነ።
ሊምፍ ድሬይኔጅ የሚባል ማሳጅ እንዳለ ቪዲዮ ላይ አየሁ። መሃል ከተማ የሚሠራ ሰው እንዴት ነው የሚገኘው? ቤት ውስጥስ እኔ ላደርግላት እችላለሁ? ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጎበዝ ወጌሻ አለ በቅቤ አሽቶ ይለቅላታል እያሉ ነው፣ የእማዬም ልብ ወደዛው ነው።

ጆሲ_ስታዲየም፦
እኔ ወጌሻው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ በ3 ቀን ነው ያቆመኝ። ጠንከር አድርጎ ሲያሽ ውሃው ይበተናል

ፊዚዮ_ነኝ፦
ጆሲ ወንድሜ ወለምታና ይሄ አይገናኙም፣ በናትህ ሰው እንዳትጎዳ።
እህቴ መጀመሪያ አንድ ነገር፣ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም፣ ግን ካንሰር ታክሞ ከቆየ በኋላ አዲስ የመጣ እብጠት ማሳጅ ሳይጀመር ክትትሏን የሚያደርገው ሐኪም ማየት አለበት። ደም ስር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ በሽታው ብብት አካባቢ ተመልሶም ሊሆን ይችላል። ለረጋ ደሙ ዶፕለር አልትራሳውንድ ያዩላታል። የረጋ ደም ካለ፣ ቆዳው ከቀላና ከተኮሰ፣ ወይ ልቧ በደንብ የማይሠራ ከሆነ ማሳጁ አይደረግም።
ይሄ ሁሉ የለም ከተባለ የሊምፍ እብጠት ነው ማለት ነው። ሊምፍ በደም ስር ያልተመለሰውን ፈሳሽ፣ ፕሮቲኑን ጨምሮ፣ ከሥጋ ውስጥ የሚሰበስብ ቀጭን ቀጭን መስመር ነው፣ ንፍፊቱ ሲወጣና ጨረር ሲያገኘው መንገዱ ይዘጋል። ኪኒኑ ለዚህ ነው ያልሠራው፣ ውሃውን ቢያሸናትም ፕሮቲኑ እዛው ይቀርና መልሶ ውሃ ይስባል። በራስሽ እንዳታቋርጪው ግን፣ ለግፊት ወይ ለልብ አስበው ሰጥተዋት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቂ።
ወጌሻውን በተመለከተ ብዙው የሊምፍ መስመር ከቆዳ ስር ነው ያለው፣ በጣም ስስ ነው፣ ጠንክሮ የሚያሽ እጅ ጭራሽ ይጨፈልቀዋል፣ ቆዳዋ ከተላጠ ደግሞ ኢንፌክሽን ይገባል። ትክክለኛው ማሳጅ ስታዪው "ይሄማ መዳበስ ነው እንጂ ማሳጅ ነው እንዴ" ያሰኛል። ኤሚል ቮደርና ባለቤቱ አስትሪድ የሚባሉ የዴንማርክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ሆነው ነው የጀመሩት፣ ያኔ ሐኪሞች ያበጠ ንፍፊት አይነካም ይሉ ነበር።

የፒያሳዋ_እናት፦
ልጄ እኔም በግራ እጄ ይሄው 6 ዓመቴ ነው፣ እናትሽን አይዞሽ በያት። ቀለበቷን አውልቃችኋል? ካልወለቀ ዛሬውኑ በሳሙና ሞክሩ እምቢ ካለ ወርቅ ቤት ሄዳችሁ አስቆርጡት፣ እኔ የቃል ኪዳን ነው ብዬ አቆይቼው ጣቴ ከጠቆረ በኋላ ነው ቀለበቱ የተቆረጠው።
ሁለተኛ ምጣዱ። እንፋሎትና እሳት ጠላቷ ነው፣ እኔ እንጀራ መጋገር ለልጄ ለቅቄያለሁ አልፎ አልፎ ከጋገርኩም እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አድርጌ ነው። በበረኪና ማጠብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ መቆረጥ፣ ድመት መቧጨር ይሄን ሁሉ ትጠንቀቅ፣ ሞሮኮ ባዝና ስቲምም ይቅርባት። ቆዳዋ እንዳይደርቅ ማታ ማታ ቫዝሊን ትቀባ። ትንሽ ጭረት እንኳን ቢሆን ታጥቦ አንቲሴፕቲክ ይደረግበታል። አንዴ ንቄ ተውኩትና ሌሊት ብርድ ብርድ ብሎኝ እጄ እንደ በርበሬ ቀልቶ አደረ፣ 5 ቀን ተኝቼ በግሉኮስ መድኃኒት ወሰድኩ ከዛ በኋላ እብጠቱም ባሰ። እንዲህ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም በሏት።

የአራት_ኪሎዋ፦
እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቀለበቷ እጇ ማበጥ ከጀመረ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፊዚዮ በጣም አመሰግናለሁ ለሰኞ ቀጠሮ አስይዘናል። ንፁህ ነው ከተባለ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ትነግረኛለህ?

ፊዚዮ_ነኝ፦
እነግርሻለሁ ግን አንዴ በአካል የሚያሳይሽ ሰው ያስፈልጋል፣ እጅ በጽሑፍ አይሠለጥንም። ዋናው ሐሳብ መንገዱ ላይ ያለውን ከፊት ማስለቀቅ ነው፣ መብራት ላይ ከኋላ ያለው ታክሲ ቢገፋ ምንም አያመጣም አይደል፣ የፊቱ ነው ቀድሞ መሄድ ያለበት። ስለዚህ ካበጠው እጅ አይጀመርም። ጋደም ትበልና 5 ጊዜ በሆዷ ትተንፍስ፣ ከዛ ከአንገት አጥንቷ በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ፣ ቀጥሎ ጤነኛውን የግራ ብብት፣ ከዛ የቀኝ ብሽሽቷን። ቀጥሎ ደረቷን ከቀኝ ወደ ግራ፣ የቀኝ ጎኗን ደግሞ ወደ ታች ወደ ብሽሽት። ከዚህ በኋላ ነው እጁ፣ እሱም መጀመሪያ ትከሻና ላይኛው ክንድ፣ ከዛ ክርን፣ ከዛ ወደ ታች፣ መጨረሻ ጣቶቿ። እጇ ላይ ፈሳሹ ሁልጊዜ ወደ ላይ ወደ ትከሻ ነው የሚሸኘው። ቅባት አይደረግም፣ መዳፍሽ ቆዳው ላይ አይንሸራተትም፣ ቆዳውን ይዘሽ ሳብ ታደርጊና ትለቂያለሽ፣ በቃ። ከቀላ በርትተሽበታል ማለት ነው። 20 ደቂቃ ይበቃል።
ማሳጁ ብቻውን ግን ድካም ነው፣ ባንዴጅ ካልታሰረ ሲመሽ ተመልሶ ይሞላል። ሕክምናው ሲሟላ ማሳጅ፣ ባንዴጅ፣ እንቅስቃሴና የቆዳ ንጽህና ነው፣ ከአራቱ ባንዴጁን የሚያክል የለም። ባንዴጅ ስል ፋርማሲ የሚሸጠው በጣም የሚለጠጠው ላስቲክ አይደለም፣ እሱ ተኝታ እያለች ሌሊቱን ሙሉ እጇን አንቆ ይይዘዋል። የሚፈለገው ትንሽ ብቻ የሚለጠጥ ነው፣ 1 ሜትሩን ብትስቢው አንድ ከግማሽ ገደማ የሚሆነው፣ እጥፍና ከዛ በላይ ከሄደ አትግዢው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉትን የሕክምና ዕቃ ቤቶች ዞር ዞር ብለሽ ጠይቂ። ከስሩ ጂፕስ ሲታሰር የሚደረገው ጥጥ ይጠቀለላል፣ ጣቶቿም አንድ በአንድ ይታሰራሉ። ከታች ጠበቅ ከላይ ላላ። ጣቷ ከደነዘዘ ወይ ከጠቆረ ወዲያው ፍቺው።
ሰው ፍለጋውን በተመለከተ ሐኪሟ ወደ ፊዚዮቴራፒ ሪፈር ይጻፍላት። ስትደውይ "ፊዚዮ አለ?" ብትይ ሁሉም አለ ነው የሚልሽ፣ "ለሊምፍ እብጠት ባንዴጅ ማሰር የሠለጠነ ሰው አላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ዘይት ይዞ የመጣ ካለ ሌላ ቦታ ሂጂ።

ሜክሲኮ_ነዋሪ፦
በዚሁ ልጠይቅ፣ አባቴ ወላይታ ነው ያለው ሁለቱም እግሩ ከጉልበት በታች አብጦ ቆዳው እንደ ቅርፊት ሆኗል፣ ሰው በዘር የመጣ ነው እያለ ያርቀዋል። ይሄ ማሳጅ ለሱም ይሠራል?

ፊዚዮ_ነኝ፦
ገበሬ ከሆነና ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ላይ የኖረ ከሆነ ዝሆኔ ሊሆን ይችላል፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ነገር በቆዳ ገብቶ የሊምፍ መስመሩን ሲያበላሽ ነው። በትንኝ የሚመጣ ሌላ ዓይነትም ስላለ ጤና ጣቢያ ይዩት። የአፈሩ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ለሚያርቁት ይሄን ንገራቸው፣ በቤተሰብ የመጠቃት ዝንባሌ ይኖራል እንጂ ጫማ ያደረገ አይዘውም። ለሱ ከማሳጅ በፊት በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጣቶቹ መሃል በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ፣ ሲቀመጥም እግሩን ከፍ ማድረግ ነው። እብጠቱ ገና ለስላሳ ከሆነ በደንብ ይቀንሳል።

ጆሲ_ስታዲየም፦
እሺ ወጌሻውን ለቁርጭምጭሚት ብቻ አስቀምጬዋለሁ 😂

የአራት_ኪሎዋ፦
ሰላም ተመልሻለሁ። ዶፕለሩ ንፁህ ነው፣ ሐኪሟም ብብቷንና ደረቷን አይቶ ምንም የለም አለን፣ እልል በሉልኝ። ፊዚዮዋ ሴት ልጅ ናት በሳምንት 5 ቀን ታስርላታለች፣ ለእኔም እያሳየችኝ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር በየ10 ሳንቲሙ እየለካን ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ ክንዷ ላይ ሲጀመር 31 ነበር የግራው 26 ነው፣ ይሄው በ2 ሳምንት 29 ገባ። አንድ ዘመዳችን ከውጭ ስሊቭ (እጅን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ እጅጌ) ልላክ ብላኛለች ምን ልበላት? ሌላው ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ እማዬ ስግደት አላቆምም አለች መሬት ላይ በመዳፏ ስትደገፍ እኔ ነኝ የሚያመኝ።

ፊዚዮ_ነኝ፦
ስሊቩ ይቆይ፣ አሁን በ29 ለክታችሁ ብትልክ የዛሬ ወር ይሰፋታል። መቀነሱ ሲያቆም ተለክታ ትግዛ፣ ሁለት ትላክ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ፣ 6 ወር ገደማ ሲሆን እየላላ ስለሚሄድ ይቀየራል። እንቅስቃሴ ባንዴጁ እንደታሰረ ጥሩ ነው፣ ጡንቻዋ እየጨመቀ ፈሳሹን ይገፋዋል። ስግደቱ ክልክል አይደለም ግን በአንዴ 40 ከሚሆን በትንሹ ይጀመር፣ እጇ ከከበዳት ይቁም።

የፒያሳዋ_እናት፦
ልጄ እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው "ቆመሽ ጎንበስ በይ፣ ይበቃሻል" ብለውኛል። አንቺ ብትነግሪያት አትሰማሽም፣ ለእሳቸው ንገሪያቸው።

የአራት_ኪሎዋ፦
እማማ ነገ ቅዳሴ ሲያልቅ እጠብቃቸዋለሁ። ባንዴጁ በነጠላዋ ስለሚሸፈን ቤተክርስቲያን ማንም አያይባትም፣ እሱ ነበር ያሳሰባት።

የፒያሳዋ_እናት፦
ነጠላዋን በዚያ እጇ ላይ አታክብደው፣ ወደ ግራ ትልበሰው።