የዝንብ ዘንጌ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ፤ ነገ በጠዋት መንገድ አለብኝ!

የሰሜን ውሃ (ጠያቂ)፣ ከምሽቱ 3:10
ሰላም ቤተሰብ። አስቸኳይ ነው። የዝንብ ማጥመጃ ዘንጌ (በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የማጠምድበት) መጋጠሚያው ላይ ተጣብቆ ወይ ፍንክች! አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩት። ነገ ጠዋት በሐበሻ 12 ሰዓት አውቶቡስ አለኝ። እዚህ ሰሜን ስዊድን ከኡሜዮ ወደ ሶርሴሌ፣ ቪንደል ወንዝ ነው የምሄደው። ዘንጉ ካልተፈታ መያዣው ውስጥ አይገባም። ሌላ ዘንግ የለኝም። የፈተናው ሰሞን እስኪያልቅ ይቺን ቀን ስቆጥር ነው የከረምኩት። መዳፌ ተላጠ። ምን ላድርግ?

አባ መንጠቆ፣ 3:16
አይዞህ ወንድሜ። ግን እስኪ መጀመሪያ መረጃ ስጠን። ካርበን ነው ወይስ ቀርከሃ? ባለ ስንት ክፍል ነው? የተጣበቀው የትኛው መጋጠሚያ ነው? ሌሎቹስ ተፈትተዋል?

ጨዋታ ከሉሌዮ፣ 3:18
ሁለት ሰው ሆናችሁ ጎትቱት። እኔና ባለቤቴ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ገመድ ጉተታ በሉት። የተሸነፈ ቡና ያፈላል።

የሰሜን ውሃ፣ 3:21
ሴት ነኝ :) ካርበን ነው። 9 ጫማ፣ ለቁጥር 5 ክር የሚሆን፣ ባለ አራት ክፍል። የላይኛውና የታችኛው መጋጠሚያ ተፈትተዋል። እምቢ ያለው የመሃሉ ነው። አሁን ፒንሳ አግኝቻለሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ልሞክር?

የካርበን ወዳጅ፣ 3:22
እንዳትሞክሪ! ፒንሳውን አስቀምጪ።

አባ መንጠቆ፣ 3:23
ይቅርታ እህቴ፣ ወንድ መስለሽኝ ነው። ፒንሳ በፍጹም።

የካርበን ወዳጅ፣ 3:29
ምክንያቱን ልንገርሽ። የካርበን ዘንግ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። የካርበን ክሮቹ በአብዛኛው የተኙት በዘንጉ ርዝመት ነው። ለዚህ ነው ሲታጠፍ የሚችለው። ከጎን ሲጨፈለቅ ግን ደካማ ነው። ፒንሳ የሚተወው ስንጥቅ ዛሬ ላይታይሽ ይችላል። ትልቅ ዓሣ ስትይዢ ግን ልክ እዚያ ቦታ ላይ "ቋ!" ይልብሻል። ብዙ የተሰበረ ዘንግ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ የተሰበረው ወንዝ ዳር ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ በባለቤቱ እጅ ነው።
አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ዘንጉ ተገጣጥሞ ስንት ቀን ቆየ?

የሰሜን ውሃ፣ 3:31
አንድ ሳምንት ገደማ። ባለፈው እሑድ ዝናብ ላይ አጥምጄ መጣሁ። ከዚያ ፈተና ስለነበረኝ ኮሪዶር ላይ ግድግዳ አስደግፌ ተውኩት።

የካርበን ወዳጅ፣ 3:38
በቃ ታወቀ። ውሃ ገብቷል፣ ምናልባት ደቃቅ አሸዋም አለ። ዘንጉ ስትወረውሪ ሲወዛወዝ ክፍሎቹ ቀስ በቀስ አንዱ አንዱ ውስጥ ይሰምጣሉ። ውሃው ደርቆ አሸዋው ሲቀር ደግሞ እንደ ሽብልቅ ይይዛል። ስትገጣጥሚ ከሚያስፈልገው በላይ ገፍተሽው ከሆነ ባሰበት። ከዚህ በኋላ ማጥመዱ ሲያልቅ እዚያው ወንዝ ዳር ፍቺው። ቤት ስትደርሺ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ወንዴውን ጫፍ (ውስጥ የሚገባውን) በሻማ ሰም ስስ አድርገሽ ቀቢው። ሰሙ ሁለት ሥራ ይሠራል። እያጠመድሽ መጋጠሚያው እንዳይዞርብሽ ይይዛል፣ ማታ ደግሞ በቀላሉ ያላቅቅልሻል። ዘይት አይሆንም፤ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል።

ኪሩና ነዋሪ፣ 3:40
ትንሽ ጠምዘዝ አድርጊውና ጎትቺው። እኔ ሁሌ እጠመዝዛለሁ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም።

የካርበን ወዳጅ፣ 3:42
ወንድሜ፣ እድለኛ ነህ። የተጣበቀን ካርበን በኃይል መጠምዘዝ ውጪ ያለውን ሴቴ ክፍል በርዝመቱ ሊሰነጥቀው ይችላል። የሳምንት ግትር ነው ያጋጠማት። ቀጥታ መሳብ ብቻ።

ኪሩና ነዋሪ፣ 3:43
እሺ፣ ለዛሬው ቀጥታ ይሁን።

ሕግ አዋቂ፣ 3:45
ፊስኬኮርት፣ የማጥመጃ ፈቃድ ካርዱ፣ አለሽ ወይ? ብዙ የእኛ ልጆች ስዊድን ውስጥ በሁሉም ቦታ በነፃ ማጥመድ የሚቻል ይመስላቸዋል። በባሕሩ ዳርቻና በአምስቱ ትልልቅ ሐይቆች፣ በቬነርን፣ በቬተርን፣ በሜላረን፣ በየልማረንና በስቶርሾን በእጅ ዘንግ ማጥመድ ለሁሉም ነፃ ነው። ወንዝ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ካርድ ግዴታ ነው። ካርዱ ላይ የዓሣው መጠንና የሚፈቀደው ቁጥር ይጻፋል፣ እሱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሳያነቡ መሄድ ጥሩ አይደለም። ካርዱን ስልክሽ ላይ ብቻ አታስቀምጪ፣ ወረቀትም ያዢ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም የሚባልበት ቦታ አለ።

የሰሜን ውሃ፣ 3:47
አለኝ ጋሼ፣ ከሳምንት በፊት ገዝቻለሁ። አመሰግናለሁ። ዘንጉ ግን አሁንም እንደተጣበቀ ነው!!

ምን አስቸኮለሽ፣ 3:49
እኔ የሚገርመኝ ጥያቄው ራሱ ነው። የመሃሉ ብቻ ከሆነ የተጣበቀው ለምን ትፈቺዋለሽ? 9 ጫማ ማለት 2 ሜትር ከ74 ነው። ባለ አራት ክፍል ከሆነ ሁለቱ ተያይዘው 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ይሆናሉ። ይሄ እንደ ዱላ ይያዛል። በካርቶን ጠቅልለሽ አውቶቡሱ ላይ ይዘሽው ግቢ። ወንዝ ዳር ደርሰሽ የቀሩትን ትገጣጥሚያለሽ፣ ታጠምጃለሽ። ደግሞስ ኡሜዮ ውስጥ ወንዝ ጠፍቶ ነው ያን ሁሉ መንገድ?

አባ መንጠቆ፣ 3:51
የካርቶኑ ሐሳብ ግሩም ነው። ማንም አላሰበውም ነበር። ጫፉ ላይ ካልሲ አልብሺው።

የሰሜን ውሃ፣ 4:02
የካርቶኑን ሐሳብ ይዣለሁ፣ ካልተላቀቀ እሱን አደርጋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።
ስለ ወንዙ ግን ልመልስ፣ ምክንያቱም ዝም ማለት አልቻልኩም። በከተማችን መሃል የሚያልፈው ኡሜ ወንዝ ነው። ጥሩ ወንዝ ነው፣ ግን ከላይ እስከ ታች በኃይል ማመንጫ ግድብ የተቆራረጠ ነው። ቪንደል እንደዚያ አይደለም። በፈረንጆች 1970 እንዳይገደብ ተወሰነለት፣ ዛሬም ከኖርዌይ ድንበር ተራሮች እየተንደረደረ ይወርዳል። ሰባት ዓመቴ ላይ ከእናቴ ጋር መጥተን መጀመሪያ የኖርነው ሶርሴሌ ነው። ለእኔ የሰፈሬ ውሃ እሱ ነው።
ጎረቤታችን የነበሩት አዛውንት ናቸው መወርወር ያስተማሩኝ። ክረምቱ ሙሉ ውሃ አላሳዩኝም። በመንጠቆ ፈንታ ጫፉ ላይ ቀይ የሱፍ ክር አስረው ሣር ላይ አስወረወሩኝ። "ክሩ ከኋላሽ እስኪዘረጋ ጠብቂ" ይሉኝ ነበር። ስቸኩል ክሩ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ሲሳካልኝ ድምፅ የለውም። ያቺን ዝምታ እስካሁን እወዳታለሁ።
ከዚያ የመጀመሪያው ሃር ተያዘ። ሃር ስል ዓሣውን ነው፣ እዚህ እንደዚያ ይባላል። ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ሲዘረጋ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፣ ላዩ ላይ ቀይና ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው። እጄን ሳልታጠብ ቤት ስገባ እናቴ አሸተተችኝና "ጦስኝ ከየት አገኘሽ?" አለችኝ። ኋላ ትምህርት ቤት ስማር የሃር የሳይንስ ስም "ቲማለስ" መሆኑን፣ ስሙም ከጦስኝ የመጣ መሆኑን አወቅኩ። እናቴ መጽሐፍ ሳታነብ አግኝታዋለች።
ለዚህ ነው ወንዝ ሁሉ ለእኔ አንድ ያልሆነው።

ምን አስቸኮለሽ፣ 4:05
ገባኝ እህቴ። ሂጂ። ዓሣ ተያዘም አልተያዘም ሂጂ።

ጨዋታ ከሉሌዮ፣ 4:06
እኔም አሁን መሄድ አማረኝ። ለማንኛውም ሁለት ሰው ሆናችሁ ጎትቱት፣ ብያለሁ።

ባለ ጉልበት፣ 4:11
ኧረ ገመድ ጉተታው ይቅር። ሲላቀቅ ሁለቱም ወደ ኋላ ይወድቃሉ፣ ዘንጉም በር ይመታል። የእኔ አጎት እንዲያ አድርጎ የሻይ ብርጭቆዎቹን በሙሉ ጨርሷቸዋል።
ሁለት ሰው ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። ፊት ለፊት ቁሙ፣ ዘንጉ በመሃላችሁ አግድም ይሁን። አንቺ አንድ እጅሽን ከመጋጠሚያው በስተቀኝ፣ ሌላውን በስተግራ ያዢ። ጓደኛሽም እንደዚያው። ማለትም በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የሁለታችሁም አንድ አንድ እጅ አለ። ሦስት ቆጥራችሁ በቀጥታ ሳቡ። ማንም ማንንም አይጎትትም፣ ስለዚህ ዘንጉ አይታጠፍም፣ የሚወድቅም የለም።
ሰው ከሌለ ጉልበት አለ። ቁጢጥ በይ። ዘንጉን በጉልበቶችሽ ጀርባ አሳልፊው፣ መጋጠሚያው በሁለቱ ጉልበቶች መሃል ይሁን። ከጉልበቶችሽ ውጭ በኩል በሁለቱም እጅ ዘንጉን ጥብቅ አድርጊው፣ ክንድሽ ጉልበትሽን ይንካ። ከዚያ በእጅሽ አትጎትቺ። መያዝ ብቻ። ጉልበቶችሽን ቀስ እያልሽ ወደ ጎን ክፈቺ። የሚሠራው የጭንሽ ጡንቻ ነው፣ እሱ ከክንድ በብዙ ይበልጣል።
የክር ቀለበቶቹን እንዳትይዢ። የሚነቀሉት እነሱ ናቸው።

አባ መንጠቆ፣ 4:13
ይሄ ነው መልሱ። እኔም እመሰክራለሁ፣ በጉልበት ስንቱን ፈትቻለሁ። እጅ የሚያዳልጥ ከሆነ የላስቲክ ጓንት አድርጊ፣ ወይም ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ቁራጭ ቆርጠሽ በሱ ያዢው።

በረዶ፣ 4:15
ከዚያ በፊት በረዶ። በአብዛኞቹ ዘንጎች የላይኛው ክፍል ነው የታችኛውን የሚውጠው። ስለዚህ ማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ውስጥ ያለውን ነው። በረዶ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ከመጋጠሚያው ዝቅ ብሎ ያለውን፣ የታችኛውን ክፍል አስነኪው፣ አምስት አሥር ደቂቃ። ልክ ልትስቢ ስትይ ውጪውን፣ የላይኛውን በመዳፍሽ አሙቂው። ካርበን በብርድ ብዙም አይሸማቀቅም። ግን ያቺ ጥቂት ልዩነት አንዳንዴ ትበቃለች። ላይተርና የፈላ ውሃ ግን እንዳታስጠጊ፣ ማጣበቂያውን ያበላሸዋል።

ጨዋታ ከሉሌዮ፣ 4:16
ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ግን እጃችሁን እንደ ባለ ጉልበት አድርጋችሁ፣ ጎትቱት። አሁን ተስማማን።

የትንኝ ጠላት፣ 4:19
አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ወጣ ይላል። ነገ የትንኝ መከላከያ የምትቀቢ ከሆነ መዳፍሽን በደንብ ታጠቢ። ዲት (DEET) የሚባለው ኬሚካል ያለበት መከላከያ የዝንብ ክርን ፕላስቲክ ያሟሟል። እኔ አዲስ ክር በአንድ ማታ እንደ ማስቲካ ሆኖብኛል። በእጅሽ ጀርባ ቀቢ፣ ክር የሚነካ ጣትሽን ተይው።

የሰሜን ውሃ፣ 4:31
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብቻዬን በጉልበት ሞከርኩ፣ የተነቃነቀ መሰለኝ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከመጋጠሚያው ሥር ቀጭን መስመር ትታያለች፣ በፊት ነበረች ወይስ አሁን ነው የመጣችው? ስንጥቅ ይሆን?

የካርበን ወዳጅ፣ 4:34
ጥፍርሽን አሳልፊበት። ጥፍርሽ ከያዘ ስንጥቅ ነው፣ አቁሚ። ካልያዘና ዙሪያውን እኩል ከሆነ ግን ወንዴው እየወጣ ነው ማለት ነው፣ ተደብቆ የነበረው ክፍል ነው የሚታይሽ። በእርሳስ ምልክት አድርጊና እንደገና ሳቢ፣ ከምልክቱ ከራቀ እየመጣ ነው።

የሰሜን ውሃ፣ 4:37
ጥፍሬ አልያዘም። ምልክት አደረግኩ። የኮሪዶር ጎረቤቴን ቀስቅሼ መጣሁ፣ ጓንት ይዟል። በረዶውም ተቀምጧል። ልንሞክር ነው።

አባ መንጠቆ፣ 4:38
በርቱ! ቀጥታ!

ጨዋታ ከሉሌዮ፣ 5:20
እ?

ባለ ጉልበት፣ 5:55
እህቴ፣ ተላቀቀ?

አባ መንጠቆ፣ በማግስቱ ጠዋት 12:04
አውቶቡሱ ተነስቷል። መሄዷን ግን እንዴት እንወቅ?

ኪሩና ነዋሪ፣ ከሦስት ቀን በኋላ
እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ መጠምዘዝ ትቻለሁ። ሻማም ገዛሁ።

አዲስ አባል፣ ከአንድ ወር በኋላ
ሰላም ለእናንተ። የእኔም ዘንግ ልክ እንደዚህ ሆኖ ፈልጌ ነው እዚህ የደረስኩት። የታችኛው መጋጠሚያ ነበር፣ ሁለት ቀን እምቢ ብሎኝ ነበር። ባለ ጉልበት ያለውን አደረግኩ፣ በሦስተኛው ሙከራ "ፖፕ" ብሎ ወጣ። ውስጡ የአሸዋ ቅንጣት ነበረው፣ በአልኮልና በጥጥ ጠረግኩት። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።
የሰሜን ውሃ የምትባለው እህት ግን አልተመለሰችም እንዴ? ሶርሴሌ ደረሰች?

አባ መንጠቆ፣ በዚያው ዕለት
አልተመለሰችም። ሰኔ ላይ ቪንደል ዳር የሄደ ሰው በቶሎ አይመለስም፣ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው። እህቴ፣ ካየሽው ድምፅሽን አሰሚን።