ቤት የማይመታ የልጆች ልቦለድ በአማርኛ እንዴት ይመለስ?

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የእህቴ ልጅ ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከአሜሪካ መጥታለች። አሥር ዓመቷ ነው። የታንሃ ላይን «ኢንሳይድ አውት ኤንድ ባክ አጌን» ይዛ መጣች። ልቦለዱ ከዳር እስከ ዳር በግጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ከእናቷና ከሦስት ወንድሞቿ ጋር ተሰዳ አላባማ የገባች የአሥር ዓመት ልጅ ናት የምትተርከው። ደራሲዋም በልጅነቷ ይህንኑ አይታለች።

ማታ ማታ ድንች ቀቅለን ምድጃ ዳር እንቀመጣለን። ልጅቷ ታነባለች፣ እኔ ለእናቴ እተረጉማለሁ። ተራኪዋ ጥላው ስለሄደችው የፓፓያ ዛፍ ስንደርስ እናቴ አለቀሰች። ቀጥላ ግን «ታሪኩ አንጀት ይበላል። ግጥም ያላችሁት የቱ ነው? ቤት አይመታም እኮ» አለችን። አሁን ደብተር ገዝቼ መተርጎም ጀምሬያለሁ። ቤት ላስመታው ወይስ እንዳለ ልተወው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እህቴ፣ አስመቺው። እኔ ቅኔ ቤት ነው ያደግሁት። ባለ ሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃናም ሆነ ባለ ስምንት ስንኙ መወድስ ቤት ይመታሉ። ጆሯችን ይህን ለምዷል። ቢያንስ በወል ቤት፣ ስንኙን ለሁለት ከፍለሽ ስድስት ስድስት ቀለም እያደረግሽ ሞክሪው። ልጆች በቃላቸው የሚይዙትም እንዲያ ያለውን ነው።

መምህርት ከእንጅባራ፦
እኔ አልስማማም። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚያወሩት አውንጊ ነው። አንዱ እጁን ያወጣል፣ ሦስት ቃል ይልና ያቆማል። አራተኛውን በአውንጊ ያውቀዋል፤ አማርኛው ነው እምቢ ያለው። የመጽሐፉንም ልጅ እንግሊዝኛው እንዲሁ ነው የተናነቃት። ስንኙ አጥሮ የሚቀረው ለዚህ ይመስለኛል። ቤት እንዲመታ ብለሽ ቃል ከጨመርሽ ዝምታዋን ሞላሽባት ማለት ነው። ጮክ ብለሽ እያነበብሽ፣ ትንፋሽሽ ሲቆም ስንኙን ቁረጪ።

የማርቆሷ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ በወል ቤት አንድ ገጽ ሞክሬ ነበር። ዜማው ያምራል፤ የምትናገረው ግን ትልቅ ሴት ሆነችብኝ። ስለዚህ እንዳለ ልተወው ነው።

ትናንት የእህቴ ልጅ ራሷ በደብተሬ ጀርባ ጻፈች። ፊደሉን ብቻ ነው ያረምኩላት፦

አያቴ «እሺ በይ» ትለኛለች።
እሺ እላለሁ።
ምን እሺ እንዳልኩ
ማታ አክስቴን
እጠይቃለሁ።

ለእናቴ አነበበችላት። እናቴ የያዘችውን ድንች አስቀመጠችና «እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት።